ምስሉ የቀደመው ሰው

የሞተ ወንድምህን በአደባባይ ውሸታም ሲሉት ብትሰማ ምን ታደርጋለህ?

«ለፈጣሪ እሰጠዋለሁ» ልትለኝ ከሆነ ማንበብህን እዚህ ላይ አቁም። እኔ ለማንም አልሰጠሁም። ራሴ ይዤው ሄድኩ።

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው አልሰማሁትም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከእኔ ጋር አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል። ዛሬ ሁሉም አፉን ለጉሞ ተቀምጧል እንጂ።

ቀኑ እሑድ ነበር። ወሩ ነሐሴ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ። ቦታው ከተማችን ስፋክስ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የባህል ቤት አዳራሽ።

ጨለማ አልነበረም። ነፋስም አልነበረም። ፀሐይዋ በሰፊው መስኮት ገብታ ወለሉን ትጠብሰዋለች።

እንዲያም ሆኖ...

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ።

ስሙ ዋጂህ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብር ነበር። ሙሽራይቱ በወርቅ ተሸፍና ስትገባ፣ የከበሮው ምትና የእግሯ ኮቴ እኩል እንዲያርፉ አድርጎ የሚያጋጥማቸው እሱ ነበር። ዓይኑ የተለየ ነበር። እኔና እናንተ የማናያትን መዘግየት እሱ ያያታል። ከንፈርና ድምፅ ትንሽ ከተላለፉበት እንቅልፍ አይወስደውም።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። «ጌታ የለበትም» እያለ ይወደዋል። በላዩ ላይ የጫነው ዴስክቶፕ፣ ማለትም መስኮቶቹንና ምስሎቹን ስክሪኑ ላይ የሚስለው ፕሮግራም፣ መሽሙም ይባላል። የኛው ከተማ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ስሙንም የወሰዱት ወንዶቻችን በበጋ ከጆሯቸው ኋላ ከሚሰኳት፣ በክር ከታሰረችው የጃስሚን እምቡጥ ነው።

የመሽሙም አባት ላሳድ ይባላል፤ በአክብሮት «ሲ ላሳድ» ይሉታል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ላሳድ ሲገባ ወንበር ይለቀቃል። ላሳድ ሲናገር ሌላው ይጽፋል።

ጥር ላይ አዲሱ እትም ወጣ። ዋጂህ ጫነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስክሪኑ ከበደው።

መስኮት ሲጎትት መስኮቱ ከእጁ ኋላ ይቀራል። ቪዲዮ ሲያጫውት ምስሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ምስሉን የሚሠራው ዕቃ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ድራይቨር የሚባለው አዛዥ ፕሮግራሙ ተጭኖለት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ምስሉ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው የመሽሙም ተጠቃሚዎች በሚጻጻፉበት ፎረም ላይ ጻፈ። በትሕትና። ማስረጃውን በቪዲዮ አያይዞ።

ላሳድ መለሰለት።

«እኔ ጋ ይሠራል።»

ጉዳዩንም ዘጋው።

ሕጋቸው እንዲህ ነው። አንድ ችግር በእነሱ ዓይን ፊት ካልተደገመ ችግር አይባልም። ቤትህ እየነደደ ብትጮህ እንኳ «እኛን አልሞቀንም» ብለው በሩን ይዘጉብሃል።

ዋጂህ ደግሞ ጻፈ። ካሜራውን ወደ ፊቱ አዙሮ ያጨበጭባል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ዋጂህ ደግሞ ቆየት ብሎ ያጨበጭባል። ይኸው መዘግየቱ፣ ይኸው ተመልከቱ ብሎ ላከ። ዘጉት። ሌላ ላከ። ያንንም ዘጉት።

የመጨረሻው መልእክቱ ግን ሌላ ነበር...

«ሲ ላሳድ፣ መዘግየቱ እያደገ ነው። ጠዋት የጠጣሁትን ሻይ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ስጠጣው አየሁ። እባክዎ ጉዳዩን ይክፈቱልኝ።»

ሳቁበት።

ፎቶውን ወስደው በጭንቅላቱ ላይ ሰዓት ሳሉበት። የሆነ ሰው የማይረባ ቅሬታ ሲያመጣ «ዋጂህ ነክቶታል» ማለት ተለመደ። ላሳድ ራሱ ደግሞ ምን ብሎ ጻፈ? «ለዚህኛው ድራይቨር ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።»

ከተማችን ትንሽ ናት። የሙሽሮቹ ቤተሰቦች አነበቡት። ማን ሰርጉን ለእብድ ይሰጣል?

ስልኩ መጥራት አቆመ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቀን በቀትር፣ የዓሣ መረቅ ይዤለት ገባሁ። በሩ አልተቆለፈም።

«ዋጂህ?»

ወንበሩ ላይ ነበር። አገጩ ደረቱን ነክቷል። እጁን ያዝኩት።

ቀዝቅዟል። ቅዝቃዜው የዚያ ጠዋት አልነበረም፤ ከሞተ አድሯል።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ስክሪኑ በርቷል... የካሜራው መስኮት ተከፍቷል...

በመስኮቱ ውስጥ ወንድሜ በሕይወት ነበር።

ሸሚዙ ያው ነው። ወንበሩም ያው። ጢሙን ያካል። ውኃ ይጠጣል። እጁን ከፍ አድርጎ ያጨበጭብና ስክሪኑን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል።

የተቀረጸ ነገር ነው ብዬ ነበር። እጄን ካሜራው ፊት ዘረጋሁ።

ስክሪኑ ላይ እጄ የለም።

ገና አልደረሰም...

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱ ወንድሜ ከጎኔ በድን ሆኖ፣ ሌላው ወንድሜ ከፊቴ እያጨበጨበ። ምስሉ ቀስ እያለ ወደዚያች ሰዓት እየመጣ እንደሆነ ገባኝ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

በመካከሉ ጎረቤቶች ገቡ። አንዲቱ ሴትዮ «ሬሳ ያለበት ቤት ስክሪን አይበራም፣ ልጄ» ብላ ላፕቶፑን ከደነችው።

ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። ቀበርነው።

ፎረሙ ላይ አንድ ደግ ሰው መሞቱን ጻፈ። ከሥሩ አንዱ ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ?

«ዜናው ዘግይቶ ደረሰን።»

ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሥር ላሳድ የሳቅ ምልክት አኖረ።

ያን ጊዜ ማልቀሴን አቆምኩ።

ከዚያ ወዲያ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ሰው በሕዝብ ፊት ተቀምጦ «ዋጂህ አልዋሸም» እንዲል። ሌላ ካሣ አልፈለግኩም። እነዚያን ሁለት ቃላት ብቻ። ካላለ ደግሞ... እንዲቀምሰው።

የመሽሙም ሰዎች በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይሰበሰባሉ። ሰው የታመመ ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፤ ላሳድ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ በትልቁ እያሳየ ያክመዋል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

የዋጂህን ላፕቶፕ በብብቴ ሸጉጬ ሄድኩ።

በሩ ላይ ኦልፋ ቆማለች። የመሽሙም ቡድን አባል ናት፤ ከእነሱ መካከል ለቅሶ ከደረሱት ሁለት ሰዎች አንዷ። ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ላላ ሺራዝ... ይዘሽው መጣሽ?» አለችኝ፣ ስሜን በአክብሮት ጠርታ።

«አዎ።»

«ተመለሺ። በአላህ ተመለሺ።»

«ለምን?»

ዙሪያዋን አየች። ከዚያ በሹክሹክታ...

«እኔ ጋም ተደግሟል።»

«ምኑ? መዘግየቱ?»

«መዘግየቱ አይደለም። ሌላኛው።»

«ሌላኛው ምንድን ነው?»

«አትጠይቂኝ።»

«አንቺ አይተሽ ዝም አልሽ? ወንድሜ እብድ ሲባል?»

«ማን ያምነኛል? ዋጂህ ነካት ሊሉኝ አይደል?»

ክንዴን መነጨቅኩና ገባሁ።

ላሳድ መድረኩ ላይ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከጆሮው ኋላ ገና ያልፈነዳች፣ ነጭ የሆነች መሽሙም ሰክቷል። ሽበቱ ያምርበታል። አንድ ሽማግሌ ያመጡትን አሮጌ ማሽን አስነሥቶላቸው ጭብጨባውን ሲቀበል ደረስኩ።

«ቀጣይ!» አለ።

ወጣሁ። ላፕቶፑን ፊቱ አስቀመጥኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ምን ሆነብሽ?»

«ምስሉ ዘገየ።»

«የማን ማሽን ነው?»

«የወንድሜ። የዋጂህ።»

አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ከኋላ አንዱ፦

«ሰዓቱን አስተካክላችሁ ያዙ ጓዶች!»

ሳቁ። ላሳድ ግን አልሳቀም፤ በእጁ ጸጥ አሰኛቸው። በሕዝብ ፊት ጨዋ ነው።

«አላህ ይማረው። ግን እህቴ፣ ብልሽት በሐዘን አይለካም። ወይ ይደገማል ወይ አይደገምም።»

«ይድገሙታ።»

«በደስታ።»

ላፕቶፑን አስነሣው። የካሜራውን መስኮት ከፈተ። ግድግዳው ላይ የላሳድ ፊት እንደ መጋረጃ ሰፍቶ ወጣ። ከኋላው ነጩ ግድግዳ፣ በስተግራ ደግሞ የዕቃ ክፍሉ በር ይታያል።

ቀኝ እጁን አነሣ። ግድግዳው ላይ ያለውም አነሣ። እኩል።

አጨበጨበ። እኩል።

«እንግዲህ...» ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አያችሁ። እኔ ጋ ይሠራል።»

ጭብጨባው ደመቀ። አንዱም «ድራይቨሩ ደህና ነው፣ ሐኪሙን ጥሩ!» አለ።

ደሜ ፈላ። ግን ራሴን ገታሁ።

«ትንሽ ይቆዩ» አልኩት። «ውኃ ይጠጡ።»

ፈገግ አለ። ብርጭቆውን አንሥቶ ጠጣ፤ አስቀመጠው።

ግድግዳው ላይ ያለው ላሳድ... ብርጭቆውን ያኔ ገና ማንሣት ጀመረ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ላሳድ ቅንድቡን ሰበሰበ። እጁን አወዛወዘ። ቆየት ብሎ የምስሉ እጅ ተወዛወዘ።

«ይኸው!» አልኩ በማይክሮፎኑ። «በዓይናችሁ ፊት ተደገመ። ሕጋችሁ ይህ አይደል? በሉ አሁን ዋጂህ አልዋሸም በሉኝ።»

«ቆይ እህቴ፣ ቆይ...» አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ። «ይህ ተራ ነገር ነው። መስኮቶቹን የሚያስጌጠው ክፍል ነው የሚጎትተው።»

ጌጡን አጠፋ። እጁን አነሣ። መዘግየቱ ቀነሰ።

«አያችሁ?»

ድራይቨሩን ለወጠ። እንደገና ቀነሰ።

አንድ ነገር ደግሞ ነካ። እጁን አነሣ። የምስሉም እጅ ከእሱ ጋር ተነሣ፤ አንዲት ቅጽበት እንኳ ሳይላለፉ።

«ልክ ሆነ!» አለ ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ።

ኦልፋ ወደ መድረኩ ጥግ መጥታ ነበር። 

«ሲ ላሳድ... በቃ። እዚህ ላይ ይተዉት።»

«ለምን እተወዋለሁ? ገና ከዚህም ይፈጥናል።»

«ሲ ላሳድ፣ ልክ ሆኗል እኮ!»

«ኦልፋ፣ ማሽኑ ያለውን ሁሉ አልሰጠም። ተቀመጪ።»

የእነዚህ ሰዎች በሽታ ይህ ነው። የሰው ችግር ሲነገራቸው አይሰሙም፤ ፍጥነት ሲያዩ ግን ማቆም አይችሉም። ሥራው አልቆ እንኳ አንድ ጊዜ ካልነካኩ አያርፉም።

አንዴ ነካው።

ግድግዳው ላይ ያለው ላሳድ አፍንጫውን አሸት አደረገ።

ከዚያ... ወንበሩ ላይ ያለው ላሳድ አፍንጫውን አሸት አደረገ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ብቻውን ቀረና ሞተ።

ምስሉ ወደ ግራ ዞሮ በሩን አየ።

ላሳድ ወደ ግራ ዞሮ በሩን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ላሳድ ነቅቷል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጥብቆ ያዘ፤ ላለመንቀሳቀስ። ምስሉ ግን ደረቱን ይዞ ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። ላሳድ ከንፈሩን ነከሰ፣ ፊቱ ቀላ፣ ታገለ... ታገለ...

ሳለ።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት «ቢስሚላህ» ስትል ሰማሁ።

እያየሁት ምስሉ ከላሳድ የበለጠ እየቀደመ ሄደ። አሁን የሚያደርገው ላሳድ ጋ አልደረሰም። ላሳድ እያላበው ነው፤ ምስሉ ላይ ላቡ ደርቋል። የላሳድ ብርጭቆ ግማሽ ውኃ አለው፤ ምስሉ ላይ ባዶ ነው።

ከዚያ አበባዋን አየሁ።

ከላሳድ ጆሮ ኋላ ያለችው መሽሙም ነጭ ናት።

ግድግዳው ላይ ግን ጠውልጋ ቡናማ ሆናለች። እምቡጦቹ እንደተቃጠለ ክብሪት ተንጠልጥለዋል።

«አበባዋን ተመልከቱ» አልኩ።

ሁሉም አየ። ላሳድም አየ። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። አበባዋን ዳሰሳት። ገና ትኩስ ናት።

ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ ኩራት ከፊቱ ታጥቧል። ማይክሮፎኑን በእጁ ከድኖ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ስንት... ስንት ሰዓት ነው የሚቀድመኝ?»

ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲ ላሳድ? እኔ ጋ ይሠራል።»

በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ላይ ያለው ሰው ሳቀ። የድሮ ወዳጁን ያየ ሰው ሳቅ። ብድግ አለ። ወደ ዕቃ ክፍሉ በር ሄደ፣ ከፈተው፣ ገባ።

በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

ወንበሩ ባዶ ነው። አልተመለሰም። ጠበቅን... አልተመለሰም።

«ዝጊው!» ጮኸ ላሳድ። «ክደኚው ያንን ነገር!»

ኦልፋ እጇን ዘረጋች። እጄን ክዳኑ ላይ ጫንኩ።

«አንድ ነገር ይበሉና እዘጋዋለሁ» አልኩ። ከዚያ አንቱታውን ጣልኩት። «ዋጂህ አልዋሸም በል። በማይክሮፎኑ፣ እዚሁ።»

 ላሳድ ሕዝቡን አየ። ሲያጨበጭቡለት የኖሩትን ሰዎች፣ አንድ በአንድ።

«ይህ የካሜራ ብልሽት ነው» አለ።

«ላሳድ!»

«የካሜራ ብልሽት ነው! ምስሉ ተነሥቷል አይደል? እኔ ደግሞ አልነሣም። እዚሁ ከተቀመጥኩ ምስሉ ውሸት ነው። ምስሉ ውሸት ከሆነ ወንድምሽም...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

የወንበሩን ክንዶች ጨብጦ ተቀመጠ።

ከአዳራሹ ማንም አልወጣም። ፀሐይዋ ከወለሉ ወደ ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ወጣች። ወበቁ አፍኖን ነበር። ብርጭቆው ውስጥ የቀረችውን ውኃ በእጁ ይዞ ብዙ ታገለ፤ በመጨረሻ ጥሙ አሸነፈውና ጨለጣት። ባዶውን ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ከኋላ አንድ ሰው ቃተተ።

ሰዓቱን አስተካክላችሁ ያዙ ያለው ቀልደኛ ሰውዬ እንኳ ዓይኑን አልነቀለም። ሁላችንም የምናየው አንድ ነገር ነው።

አበባዋን።

በመጀመሪያ ዳርዳሯ ቢጫ ሆነ። ከዚያ አንዷ እምቡጥ ጎንበስ አለች። ከዚያ ሌላዋ...

«ሲ ላሳድ» ኦልፋ ታለቅሳለች። «ሁለት ቃል ነው እኮ። ይበሏት።»

«ከዚህ ወንበር ማንም አያስነሣኝም።»

«አበባዋን እንኳ ያውጧት! ይጣሏት!»

እውነቷን ነበር። እጁን ወደ ጆሮው ላከ። ግን ግማሽ መንገድ ላይ እጁ ቆመ። ጣቶቹ ታጠፉ። ሞከረ... እጁ እንደ ተሰበረ ክንፍ ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ ምስሉ የሄደው አበባዋን እንደ ሰካ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሺራዝ...» አለ። ስሜን የጠራው ያኔ ብቻ ነው።

«ሁለት ቃል» አልኩት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ዋጂህ...» አለ። ጠበቅኩ። 

«ዋጂህ... ማስረጃው በቂ አልነበረም።»

የተፈረደበት ሰው እንኳ እንዲህ አይመልስም። ክዳኑን ልዘጋ የተንቀሳቀሰ እጄን መለስኩት። እወቁልኝ፤ ሊናገር ቢፈልግ ጊዜ ነበረው።

ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። የመጨረሻዋ እምቡጥ ጠወለገች።

አዛኑ ሲያበቃ... ከዕቃ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ጠራው።

«ላሳድ!»

ድምፁ ለስላሳ ነበር። ለእራት የሚጣራ ሰው ድምፅ። ሁላችንም ሰማነው። የዋጂህ ድምፅ ነው እንድል የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አይደለም። ምነው እሱ በሆነ ነበር። ያንን ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ የሴት ይሁን የወንድ እንኳ አላውቅም።

ላሳድ ግን ያውቀው ነበር።

ሳቀ። ያንኑ ሳቅ። ብድግ አለ። ወንበሩን የሙጥኝ ያሉት ጣቶች ምንም እንዳልሆነ ሰው ተፈቱ። ወደ በሩ ሄደ፣ ከፈተው፣ ገባ።

በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

ከፊት የነበሩ ወንዶች ሮጠው ተከተሉት። ያ ክፍል መስኮት የለውም። ሌላ በር የለውም። ውስጡ የተጣጠፉ ወንበሮችና አቧራ ነው። አቧራው ላይ ከእነሱ ኮቴ በቀር ኮቴ አልነበረም።

ላሳድ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይጸጽትሻል ወይ? ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አላችሁ። አይጸጽተኝም። ወንድሜን ለወራት ሲለምን አስጠበቀው፤ እኔ እሱን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ያስጠበቅኩት። ሁለት ቃል ነበር ዋጋው። የእኔ ሳይሆን የራሱ ኩራት ነው ወደዚያ በር የገፋው።

የምናደድበት ሌላ ነው።

በማግሥቱ የመሽሙም ቡድን አጭር ማስታወቂያ አወጣ። «ሲ ላሳድ በግል ምክንያት ከኃላፊነታቸው ለቅቀዋል።» በቃ። የዋጂህ መልእክቶች አሁንም ተዘግተው ይታያሉ። እኔ የጻፍኩትን ሁሉ አጠፉት። «በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የተለየ ነገር አልነበረም» ይላሉ። ያ ሽማግሌ «ዓይኔ ደካማ ነው» ይላሉ። ቀልደኛው ሰውዬ ስልኬን አያነሣም።

እናንተ ፈሪዎች!

ዋጂህን የገደለው ዝምታችሁ ነው ብዬ እሟገታለሁ። ዛሬም ያንኑ ዝምታ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል።

ግን አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ይህን እኔና ኦልፋ ብቻ ነን ያየነው።

ወንዶቹ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሲሮጡ፣ ሌላው ሰው ወደ ውጪ ሲጋፋ፣ እኛ ሁለታችን መድረኩ ላይ ቀረን። ክዳኑን አልዘጋነውም። ግድግዳው ላይ ምስሉ አሁንም እየሄደ ነበር። ይቀድማል። በስንት እንደሚቀድም አላውቅም። ቀን ይሁን፣ ዓመት ይሁን...

ባዶው አዳራሽ። ባዶው ወንበር።

ከዚያ ከምስሉ ዳር አንዲት እጅ ገባች።

እጅ ብቻ፤ የማን እንደሆነች አይታይም። እጅጌው እርጥብ ነው፤ ውኃ ይንጠባጠባል። ወንበሩን ያዘችውና ቀስ ብላ... ቀስ ብላ... ወደ እኛ አዞረችው። ከዚያ መቀመጫውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እንግዳ ሲመጣ «አረፍ በል» እንደሚባለው።

ኦልፋ ላፕቶፑን ከደነችው። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ዞራ ሳታየኝ ወጣች።

እንግዲህ ኦልፋ፣ ይህንን እንደምታነቢው አውቃለሁ። የመሽሙም ሰዎች፣ እናንተም ታነቡታላችሁ። በውስጥ መስመር አትጻፉልኝ። አትለምኑኝ፣ አታስፈራሩኝ። እዚሁ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በሙሉ ስማችሁ መልሱ።

መጀመሪያ፦ ወንድሜ ዋጂህ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም?

ቀጥሎ፣ «እኔ ጋም ተደግሟል» ያልሽኝ አንቺ ኦልፋ፣ በራስሽ ስክሪን ላይ ያየሽውን በሰው ሁሉ ፊት ተናገሪ፦

ያ ወንበር የተዘጋጀው ለማን ነው?